ምሥጢሩ የሚጠበቅ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ምርመራ



በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ስለ አባላዘር በሽታዎች ምርመራ ንግግር በተነሣ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። አንደኛው፣ «ምርመራው ለምን በምሥጢር ይያዛል? ምሥጢርስ ለኃጢአት መሸሸጊያ አይሆንምን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «መድኃኒት መግዣ ያጣ ስንት ሕመምተኛ እያለ፣ በገዛ ጥፋቱ ለታመመ ሰው ለምን በነጻ ይሰጣል?» የሚል ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በቅንነት ሊመለሱላቸው ይገባል።

መልሳችን ባጭሩ ይህ ነው። ምሥጢር መጠበቅና ዋጋ አለመጠየቅ ለበሽተኛው የሚደረግ ልዩ ውለታ አይደሉም። እንደ መርፌውና እንደ ኪኒኑ ሁሉ የሕክምናው ክፍል ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል ሰው ወደ ክሊኒክ አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ ደግሞ በሽታው ከቤቱ አይወጣም። በቤት ውስጥ የቀረው በሽታ «ጥፋተኛ» በምንለው ሰው ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። ነገር ግን አይቆምም። ምንም ወደማታውቀው ሚስት፣ ከእርሷም ገና ወዳልተወለደው ሕፃን ይሻገራል።

መንገዱና ከተሞቹ

ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ ኮምቦልቻ ይደረሳል። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል፣ ሌላው ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ይታጠፋል። ይህ መንገድ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በ1990 ዓ.ም. ጦርነት እስኪነሣ ድረስ ወደ አሰብ ወደብ የሚያደርስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚያደርሰው ወደ ጅቡቲ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ለብዙ ዓመታት የከባድ መኪና ሹፌሮች ማደሪያ ሆና ኖራለች። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ አላት፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው፣ ከሩቅ አገር የመጡ ብዙ ወጣቶች ከወላጆቻቸው ተለይተው ይኖሩባቸዋል።

መንገድ፣ ማደሪያ፣ ደመወዝና ከቤተሰብ መራቅ በአንድ ቦታ ሲገናኙ የአባላዘር በሽታ መገኘቱ በየትም አገር የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ከመቶ 0.9 ነበሩ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በገጠር ከመቶ 0.4 ሲሆን በከተማ ከመቶ 2.9 ነበር። በሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

በሌላ በኩል፣ እነዚህ ከተሞች ሰው ከሰው ጋር የሚተዋወቅባቸው ናቸው። በአንድ ቅሬ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ሬሳ ያነሣሉ፤ የጎረቤት ሰርግና ሐዘን የሁሉም ነው። ይህ መተዋወቅ ትልቅ ሀብት መሆኑን በችግር ቀን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ያው መተዋወቅ በጤና ጣቢያው በር ላይ ሲሆን ያስፈራል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ወረፋው ላይ አጠገብ የተቀመጡት እናት የአንድ ቅሬ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የደሴው ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ የኮምቦልቻው ደሴ ወጥቶ መመርመር ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ለመሳፈሪያ የሚከፍለው ገንዘብ የፍርሃቱ ዋጋ ነው። መሳፈሪያ የሌለው ግን ከነበሽታው ይቀመጣል።

በክሊኒኩ ውስጥ የሚደረገው

ብዙዎች የሚፈሩት የማያውቁትን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ምርመራ ሲገባ የሚያጋጥመውን እንደ ተራው እንናገራለን።

በመጀመሪያ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የምክር አገልግሎት ሰጪው ያነጋግረዋል። ለምን እንደ መጣ፣ ምን እንደሚሰማው፣ የትዳር ጓደኛ እንዳለውና እንደሌለው ይጠይቀዋል፤ ውጤቱ የእርሱ ብቻ መሆኑን ያስረዳዋል። ምርመራው በፈቃዱ ነው፤ «አይ፣ ዛሬ ልቤ አልቆረጠም» ብሎ መሄድ ይችላል። ከተስማማ ከጣቱ ጫፍ ጥቂት ደም ይወሰዳል። የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ ውጤት በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። በአንድ መመርመሪያ ብቻ «ቫይረሱ አለብህ» አይባልም፤ በሌሎች መመርመሪያዎች ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምርመራው እስኪያሳየው ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል፣ በቅርብ ጊዜ የተጋለጠ ሰው ተመልሶ እንዲመረመር ይቀጠራል።

ኤች አይ ቪ ከአባላዘር በሽታዎች አንዱ ብቻ ነው። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክርና ሌሎችም አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቂጥኝ በተለይ አታላይ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቁስል አያምም፤ ሳይታከምም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይደርቃል። ሰውየው «ዳንሁ» ይላል፤ በሽታው ግን በደሙ ውስጥ ይቀመጥና ከዓመታት በኋላ ልብን፣ የደም ሥርንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ቂጥኝ ኖሮባት ካልታከመች፣ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ በፅንሱ ላይ ጉዳት ይደርሳል፤ ሕፃኑ ሞቶ ሊወለድ ወይም ታሞ ሊወለድ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው መድኃኒት ፔኒሲሊን ነው፤ በሽታው ገና በጅምሩ ከተደረሰበት አንድ ጊዜ የሚሰጥ መርፌ ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ርካሽ መድኃኒት እያለ ሕፃን የሚሞተው መድኃኒቱ ጠፍቶ ሳይሆን ምርመራው ባለመደረጉ ነው።

ጨብጥ በወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ፈሳሽና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ስለሚያመጣ ቶሎ ይታወቃል። በሴት ላይ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይና ወደ ማኅፀን ቧንቧዎች ወጥቶ መካን ሊያደርጋት ይችላል። እናቲቱ ሳትታከም ከወለደች የሕፃኑን ዓይን ይጎዳል። ልጅ በማጣቷ ብቻ ባሏ የፈታት፣ ዘመድ የሰደባት ሴት፣ ችግሩ የተነሣው ባሏ ይዞት ከመጣውና ሳይነግራት ከቀረው በሽታ ሊሆን እንደሚችል ማን ያስባል?

ላቦራቶሪ በማይገኝበት ቦታ የጤና ሠራተኞች በምልክቶቹ ተመርተው ያክማሉ። ይኸውም ፈሳሽ ላለበት፣ ቁስል ላለበት፣ በብሽሽቱ ንፍፊት ላለበት ለእያንዳንዱ፣ ያንን ምልክት የሚያመጡትን ዋና ዋና በሽታዎች የሚያድን መድኃኒት በዚያው ቀን መስጠት ማለት ነው። ከዚህ ጋር የትዳር ጓደኛው እንዲመጣ ይጠየቃል። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይመጣልና፣ መድኃኒቱም ገንዘቡም ከንቱ ይሆናል።

ለሴቶች ከዚህ ሌላ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አለ። ይህን ካንሰር የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ነርሷ የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ በማኅፀኑ በር ላይ ቀብታ ትመለከታለች፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ምልክት ቢገኝ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የዚሁ ቫይረስ መከላከያ ክትባትም በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል። ወላጆች ይህን ክትባት «ልጄን ለምን ጠረጠራችኋት?» ብለው እንዳይከለክሉ አደራ እንላለን። ክትባቱ የሚሰጠው ልጅቱ ገና ልጅ ሳለች፣ ከማንም ጋር ሳትገናኝ ነው፤ ጥቅሙም የሚገኘው በዚያን ጊዜ በመሰጠቱ ነው።

ማስገደድ ተሞክሮ ነበር

«እነዚህን በሽታዎች ለማጥፋት ሁሉንም አስገድዶ መመርመርና የታመመውን ማስታወቅ አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ተሞክሮ ወድቋል።

በእንግሊዝ አገር በ1864፣ በ1866 እና በ1869 እ.ኤ.አ. በወጡ ሕጎች መሠረት፣ ወታደሮችና መርከበኞች በሚበዙባቸው ከተሞች ፖሊስ በሴተኛ አዳሪነት የጠረጠራትን ሴት ለምርመራ ሊያቀርባት ይችል ነበር። በሽታ ከተገኘባት በሆስፒታል ትዘጋለች፤ ከእርሷ ጋር የነበረውን ወንድ ግን የሚመረምረው አልነበረም። ይህን በደል በመቃወም ግንባር ቀደም ሆና የታገለችው ጆሴፊን በትለር የተባለች የቄስ ሚስትና የጸሎት ሰው ነበረች። ጨዋ ሴት በአደባባይ ልትናገረው አይገባም የተባለውን ጉዳይ ይዛ ከከተማ ወደ ከተማ ስትዞር ስድብና ድንጋይ አጋጥሟታል። በመጨረሻ ሕጎቹ በ1886 እ.ኤ.አ. ተሻሩ።

ከዚያ በኋላ ከ1913 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. የሠራ መንግሥታዊ መርማሪ ጉባኤ ነገሩን እንደ ገና አጠና። በዚሁ መሠረት በ1916 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ፣ በየአውራጃው ለማንም ሰው በነጻና በምሥጢር ሕክምና የሚሰጥባቸው ክሊኒኮች እንዲከፈቱ ተወሰነ፤ ከወጪውም ከመቶ 75 እጁን ማዕከላዊው መንግሥት ሸፈነ። ማስገደድ ሰዎችን ወደ መደበቂያ ይነዳ ስለ ነበር፣ በፈቃድ መምጣት ተመረጠ። ዛሬ «ነጻና ምሥጢራዊ» የምንለው አሠራር እንዲህ ካለ ውድቀት የተገኘ ትምህርት ነው።

በአገራችን የተማርነው

በኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ መኖሩ በ1976 ዓ.ም. ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማንም በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረም። የሚሰጠውም ትምህርት ብዙውን ጊዜ ሞትን የሚያስፈራራ ነበር። ከዚህ የተነሣ መመርመር ማለት ለብዙ ሰው የሞት ፍርድ መስማትና ከጎረቤት መለየት ብቻ ሆነ። ቤት የተከለከሉ፣ የሚጠጡበት ኩባያ የተለየባቸው፣ ከሥራ የተባረሩ ወገኖች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው መቅድም ኢትዮጵያንና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራት አቋቁመው በአደባባይ መናገር ሲጀምሩ ነው የብዙ ሰው ዓይን የተከፈተው። በ1990 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ ወጣ።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መጀመሪያ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ ገባ፤ ዋጋውን የሚችለው ግን ጥቂት ሰው ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ሰው የሚመረመርበት ምክንያት አገኘ። ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ በሽታው እስኪጠናበት ሳይጠብቅ መድኃኒቱን እንዲጀምር ይደረጋል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ እንዲህ የሆነለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ ዛሬ በጥናት ተረጋግጧል። እናት ካልታከመች ቫይረሱ ወደ ልጇ የሚተላለፍበት ዕድል ከመቶ 15 እስከ 45 ነው፤ በወቅቱ ከታከመች ግን ከመቶ 5 በታች ይወርዳል።

ነጻ ስለ መሆኑም አንድ ነገር ለይተን መናገር ያስፈልጋል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት፣ እንዲሁም የነፍሰ ጡር ክትትል ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶችም፣ ይህ ማኅበር ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ መስክ የሠራ ነው፣ በክሊኒኮቻቸው ብዙ ረድተዋል። ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የሚታዘዘው መድኃኒት ግን እንደ ቦታው ሊያስከፍል ይችላል። የቀን ሠራተኛ ወይም በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በዚች ጥቂት ብር ምክንያት ግማሹን ኪኒን ገዝታ ግማሹን ትተወዋለች። እንዲህ የተተወ መድኃኒት በሽታውን አያድነውም፤ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች በአካባቢያቸው የትኛው አገልግሎት በነጻ፣ የትኛው በክፍያ እንደሚሰጥ አስቀድመው ጠይቀው ቢያውቁ፣ ሰውን ወደ በሩ ልከው ከማሳፈር ይድናሉ።

ምሥጢር የሚፈስስባቸው ቀዳዳዎች

የሙያ ምሥጢርን ማውጣት በአገራችን ሕግ ያስቀጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ በሚገደድበት ቦታ እንኳ የኤች አይ ቪ ምርመራን ለይቶ አውጥቶታል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ያለ ሠራተኛ ይህን ምርመራ አላደርግም በማለቱ ሊቀጣ አይገባም። ነገር ግን ሕግ የማይደርስባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም በእኛው ጉባኤ ውስጥ ናቸው።

አንደኛው የጸሎት ርዕስ ነው። አንዲት እኅት በእንባ ለአንድ ሽማግሌ የነገረችው ነገር፣ «ስሟን አልጠራም፤ ግን በመዘምራን መካከል ያለች አንዲት እኅታችን . . .» ተብሎ በጸሎት ቡድን ውስጥ ይነገራል። ጸሎቱ በቅንነት ነው፤ ከቡድኑ ሲወጣ ግን ወሬ ሆኗል። ከዚያ በኋላ እርሷም ሌሎችም ለማንም አይናገሩም። የተነገረንን ወደ እግዚአብሔር ለማቅረብ በሰው ፊት መድገም አያስፈልግም።

ሁለተኛው የጋብቻ ወረቀት ነው። ብዙ ጉባኤዎች እጮኛሞች ከመጋባታቸው በፊት እንዲመረመሩ ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው። ችግሩ ውጤቱ በወረቀት ተጽፎ ለሽማግሌዎች ይቅረብ ሲባል ነው። ሰርጉ በድንገት የቀረ እንደ ሆነ ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ይገምተዋል። ደግሞም ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ትናንት እንጂ ስለ ነገ አይደለም፤ ትናንትንም ቢሆን፣ ቀደም ብለን እንደ ገለጽነው፣ የቅርብ ጊዜ መያዝን ላያሳይ ይችላል። የተሻለው መንገድ ሁለቱ አብረው ሄደው፣ አብረው ምክር ሰምተው፣ ውጤታቸውንም አብረው እንዲሰሙ መርዳት ነው። ሽማግሌው የሚጠይቀው «አብራችሁ ሄዳችሁ ምክር ተቀብላችኋል?» ብቻ ይሁን። ከሁለቱ በአንዱ ቫይረሱ ቢገኝ፣ ይህ ለጋብቻቸው የሞት ፍርድ አይደለም፤ በሕክምና ረድኤት ተጋብተው ጤነኛ ልጆች ሊወልዱ ይችላሉ። ውሳኔው ግን የእነርሱ ነው።

ሦስተኛው የእኛው የፕሮጀክት ሥራ ነው። «የኤች አይ ቪ ሕሙማን እርዳታ» ተብሎ በተለጠፈ ወረቀት ሥር ሰዎችን አሰልፎ ዘይትና ዱቄት ማደል የማንንም ስም ሳይጠሩ የሁሉንም ምሥጢር ማውጣት ነው። የተረጂዎች ዝርዝር የተጻፈበት መዝገብ በክፍት ጠረጴዛ ላይ ሲያድርም እንዲሁ ነው። ዝርዝሩ ይቆለፍበት፤ እርዳታውም ከሌሎች ችግረኞች ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ። ፎቶግራፍ ለደጋፊዎች መላክ የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ የሰውየውን ፊት የማያሳይ ይሁን።

ምሥጢር መጠበቅ ሐሰትን መሸፈን አይደለም። የምክር አገልግሎት ሰጪው ባልን «ለሚስትህ መንገር አለብህ» ብሎ ደጋግሞ ይመክረዋል፤ ለመናገር አቅም ሲያጥረው አብሮት ሊቀመጥ ይችላል። ንስሐም፣ ይቅርታም፣ ተግሣጽም ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን የካርድ ክፍሉ አይደለም።

ጸሎትና መድኃኒት

በወሎ ጸበል የሚሄድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ፣ በእኛም ዘንድ እጅ እንዲጫንለት የሚሻ ሕመምተኛ ብዙ ነው። ማንም ሰው እንዳይጸልይ አንመክርም። ነገር ግን «ድነሃል፤ መድኃኒቱን ጣል» ማለት ሰውን የመግደል ያህል ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቋረጥ በደም ውስጥ ተዳክሞ የነበረው ቫይረስ እንደ ገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናን በይፋ መክረዋል። ይህ ምክር በእኛም መድረክ ላይ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነው። ፈውስ አገኘሁ የሚል ሰው ቢኖር ተመርምሮ ሐኪሙ እስኪነግረው ድረስ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ምርመራን አይፈራም።

ለዚህ ጉዳይ ምስክር ከደሴ አጠገብ አለልን። ዛሬ ጠቅላላ ሆስፒታል የሆነው ቦሩ ሜዳ የተጀመረው ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ባቋቋሙት ጣቢያ ነው። በዚያን ዘመን የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ከቤቱ ይሰደድ፣ ቤተሰቡም ይደብቀው ነበር፤ የተደበቀውም በሽታ ጣትና እግር እስኪበላ ድረስ ይቆይ ነበር። የሚያድን መድኃኒት ሲመጣና ሰው ሳያፍር መምጣት ሲጀምር ግን ብዙዎች አካላቸው ሳይጎድል ታከሙ። ያን ጊዜ የሥጋ ደዌን ያጸናው እፍረት ዛሬም የአባላዘር በሽታዎችን ያጸናል።

በጦርነትና በችግር ጊዜ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሌላ ኃይል እጅ ቆዩ። የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። መድኃኒታቸውን በየወሩ የሚወስዱ ወገኖች ከቤታቸው ሲሸሹ ኪኒናቸውንም ካርዳቸውንም ጥለው ወጡ። ከዚህ የምንማረው፣ የመፈናቀል ወሬ ሲሰማ የመድኃኒት ከረጢት ከዱቄት ከረጢት ጋር መታሰብ እንዳለበት ነው። በመጠለያ ውስጥ የሚያገለግሉ ሠራተኞችም «መድኃኒት ያቋረጠ ማን ነው?» ብለው በሰልፍ ላይ ከመጮኽ ይልቅ ለየብቻ የሚጠየቅበት ጥግ ያዘጋጁ።

በጦርነትም ሆነ በሰላም የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ ብታጋጥማችሁ፣ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አስቡ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ሊሰጥ የሚችለው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ለ28 ቀናትም ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒት እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሰጣል። ሽማግሌ ሰብስቦ «ማን ነው? እንዴት ሆነ?» እያሉ ሦስት ቀን ማሳለፍ ይህን ዕድል ይዘጋል። መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል፤ ፍርዱና እርቁ በኋላ።

ሌላም ችግር መጥቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ በአገራችን የጤና ሚኒስቴር ትእዛዝ ተሰጠ። ብዙዎቹ በዚሁ በኤች አይ ቪ አገልግሎት ላይ የነበሩ ናቸው። መድኃኒቱ በመጋዘን ቢኖር እንኳ፣ በሩን ዘግቶ የሚያነጋግር፣ የቀረውን ሰው በስልክ የሚያስታውስ ሰው ሲጎድል ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የምሥጢር ጠባቂው ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ማሰብ የሁላችንም ድርሻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጉባኤዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በዓመት ጥቂት ጊዜ የጤና ሠራተኛ ጋብዛችሁ ለባለትዳሮች፣ ለወጣቶችና ለእናቶች በየክፍላቸው ትምህርት ይሰጥ። መጋቢውና ሽማግሌዎች ከሁሉ ቀድመው ይመርመሩ፤ «ተመርምሬአለሁ» ይበሉ፤ ውጤታቸውን ግን አይናገሩ፤ የሌላውም ውጤት እንደማይጠየቅ በዚህ ይታወቃልና። ነፍሰ ጡር እኅቶች ክትትላቸውን በጊዜ እንዲጀምሩ አስታውሱ፤ ባሎችም አብረው ይሂዱ። ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት መግዣ ከምጽዋት ሣጥን ጥቂት ብር ተለይቶ ይቀመጥ። ገንዘቡን የሚሰጠውም «ለምን በሽታ ነው?» ብሎ የማይጠይቅ አንድ የታመነ ሰው ይሁን።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ ሰውን ወደ ክሊኒክ ከመላካቸው በፊት ክሊኒኩን ራሳቸው ይዩት። የምክር ክፍሉ በር ይዘጋል ወይ? ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማል ወይ? ካርዱ ላይ የበሽታው ስም በትልቁ ይጻፋል ወይ? ስም በኮሪደር ይጠራል ወይ? ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጋረጃ፣ በቁልፍና በመልካም ፈቃድ የሚታረሙ ናቸው። ጉድለት ስታዩ ለኃላፊው በአክብሮት ንገሩ፤ ዕቃ የሚጎድል ከሆነም አሳውቁን።

ምርመራው አለ፤ መድኃኒቱ አለ። የቀረው ሰው ሳይፈራ የሚገባበት በር ነው። ያ በር በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ግማሹ በእኛ አፍ ላይ ነው። የሰማነውን ይዘን ዝም ማለት ከቻልን፣ ሰዎች በጊዜው መጥተው ይታከማሉ።